የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፦ በደሴ ከተማ የአንዲት አዲስ ርዕሰ መምህርት የምክርና ድጋፍ ሥራ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በ2015 የትምህርት ዘመን በደሴ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አዲስ የተሾመች ርዕሰ መምህርት ከአንድ ጡረታ ከወጡ ርዕሰ መምህር ጋር ከኅዳር እስከ ሰኔ ያካሄደችውን የምክርና ድጋፍ ሥራ፣ በተለምዶ ሜንተሪንግ የምንለውን፣ ከአጀማመሩ እስከ ፍጻሜው ይዘረዝራል። እኔ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ የሚገኝበት ጉድኝት፣ ማለትም የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ሱፐርቫይዘር ነበርሁ፤ ስለዚህ የማቀርበው ከሩቅ የታየ ታሪክ ሳይሆን እኔም ድርሻ የነበረኝን ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ርዕሰ መምህርቷና አማካሪዋ ረቂቁን አንብበው እንዲቀር የፈለጉትን አስወጥተዋል። በተለይም ርዕሰ መምህርቷ ከእኔ ደብቃ ለአማካሪዋ ብቻ የነገረቻቸውን ነገሮች የማነሣው በሰኔ መጨረሻ ራሷ ስለነገረችኝና እንዲጻፉም ስለፈቀደች ነው።

ትምህርት ቤቱ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። ከተማሪዎቹ ከፊሉ የከተማ ልጆች ሲሆኑ ከፊሉ ከዙሪያው የገጠር ቀበሌዎች በእግራቸው የሚመጡ ናቸው። ግቢው ለጦሳ ተራራ ግርጌ የቀረበ በመሆኑ ፒያሳ ላይ ገና ፀሐይ ሳለ እዚያ ጥላው ቀድሞ ይወርዳል፤ ጭጋግ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ከሰዓት በኋላው በሙሉ ማምሻ ይመስላል። በ2014 መጀመሪያ ክፍሎቹ እንደ ሌሎች የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከሰሜን ወሎ ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጠለያ ሆነው ነበር። ቀጥሎም ጦርነቱ ራሱ ከተማዋን ደረሰ፤ ከጥቅምት መጨረሻ ሳምንታት ጀምሮ መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መቆጣጠሩን እስካስታወቀበት እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ድረስ በነበረው ጊዜ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰብሮ ሰነዱ ተበተነ፣ የተማሪ መቀመጫዎች ለማገዶ ዋሉ፣ የመስኮት መስተዋቶች ረገፉ፣ የመብራት ሽቦውም ከየግድግዳው ተነቅሎ ተወሰደ። ትምህርት ሲቀጥል ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ መቀመጫዎቹ ተጠገኑ። ለመስኮቶቹ ግን የመስተዋት ዋጋ ስላልተቻለ በቆርቆሮና በጣውላ ተደፈኑ፤ ይህም ለጊዜው ተብሎ ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ የተሾመችው በነሐሴ 2014 ነው። አማርኛ ያስተማረችባቸው ሰባት ዓመታት መልካም ስም ያተረፉላት፣ ሁለቱን ዓመታት ደግሞ በዩኒት መሪነት (በተወሰኑ ክፍሎች አስተባባሪነት) የሠራች፣ ገና ሠላሳዎቹን የጀመረች ሴት ናት። የተመረጠችው በመምህርነቷ ጥንካሬ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ይመስለኛል። ብርቱ መምህርት ከክፍል አውጥተን ቢሮ ስናስገባ ተማሪዎቹ መምህርታቸውን ያጣሉ፤ እሷም ያልሠለጠነችበትን ሌላ ሙያ ከፊደሉ ትጀምራለች። አዲስ የተቀጠረ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አማካሪ መምህር ይመደብለታል፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያከናውን ይጠበቃል። በእኛ ጉድኝት አዲስ ርዕሰ መምህር የሚጠብቀው ግን የርክክብ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተምና የቁልፍ ዘለላ ብቻ ነበር። በክረምት የሚሰጠው የትምህርት ቤት አመራር ሥልጠናም ቢሆን ለእሷ ተራው ገና አልደረሳትም ነበር። ዓመቱ ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ክፍል የገባበትና የመማሪያ መጻሕፍት በበቂ ቁጥር ያልደረሱበት ዓመት ነበር።

እኔ ትምህርት ቤቱን የምጎበኘው ቼክሊስት ይዤ ነው። ቼክሊስቱ የተቀዳው ከኢንስፔክሽን ማዕቀፉ ሲሆን፣ ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶችን በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ከፍሎ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚመድብ ነው። መሣሪያው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ትምህርት ቤት የሚመዘነው በጎብኚው ስሜት ነበር። ሆኖም በጥቅምት ወር፣ ርዕሰ መምህር ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ስለሚያይበት የክፍል ምልከታ «ዕቅድ አለ ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ዕቅዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። «ምልከታው ተካሂዷል ወይ?» ስል ደግሞ ዘጠኝ የተሞሉ ቅጾች አወጣችልኝ። ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጌ፣ ግብረ መልስ ጽፌ፣ አስፈርሜ ወጣሁ። የዚያኑ ዕለት ከአሥር ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ በትምህርት ቤቱ በር ሳልፍ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ወደ ቤታቸው ይጎርፉ ነበር። በማግሥቱ ደውዬ ስጠይቃት «የመምህራን ስብሰባ ስለነበረብን ነው» አለችኝ።

ስብሰባ አልነበረም። የምልከታ ቅጾቹንም የሞሏቸው መምህራኑ ራሳቸው ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የተሰማኝ ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ነው፤ ምክንያቱም በዓመቱ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸም ውጤቷን የምሞላው እኔ ነበርሁ። አንዲት ሰው ድክመቷን ነጥብ በሚሰጣት ሰው ፊት እንድትገልጥ መጠበቅ ከእኔ በኩል ትልቅ ስሕተት ነበር።

በጊዜው ያስተዋልሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ሌሎቹ ነባር ርዕሳነ መምህራን ስለ ድጎማ በጀት አጠቃቀም፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ ተማሪ መልቀቂያ በየቀኑ ይደውሉልኛል። እሷ የምትደውለው ሪፖርት መላኳን ለመንገር ነው። ይህን ለጉድኝቱ ርዕሳነ መምህራን በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ማንንም ሳልጠቅስ ሳነሣ፣ ከመካከላቸው አንዱ ኮምቦልቻ ውስጥ በጡረታ ስለሚኖሩ የቀድሞ አለቃቸው ነገሩኝ፤ «እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከሦስት ዓመት በላይ ምክትላቸው ሆኜ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አላረሙኝም» አሉ። ያች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወሰነችልኝ። ሰውየውን በሚቀጥለው እሑድ ሄጄ አነጋገርኋቸው።

አማካሪው ከሠላሳ ዓመት በላይ በማስተማርና በርዕሰ መምህርነት የሠሩ ናቸው። ሥራውን ለመቀበል ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲቀመጥ ጠየቁ። አንደኛ፣ እሳቸው ለመምህራን ትእዛዝ አይሰጡም። ሁለተኛ፣ በሁለቱ መካከል የሚነገረው ሁሉ ወደ ሱፐርቫይዘሩም ሆነ ወደ ማንኛውም የግምገማ ሰነድ አይሄድም። ሦስተኛ፣ ከሁለቱ አንዳቸው ምክንያት ሳይሰጡ በፈለጉበት ቀን ማቆም ይችላሉ። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ሦስታችንም ፈረምንበት። ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተነሥተው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ይመጡ ጀመር። የፈተና ሳምንታትና በዓላት እየተቀነሱ እስከ ሰኔ ድረስ 14 ጊዜ መጥተዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ምንም ምክር አልሰጡም። ቢሮዋ ጥግ ላይ ተቀምጠው በደብተራቸው ይጽፉ ነበር። እሷ ግምገማ መስሏት ተጨንቃ እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። በሁለተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ደብተሩን ገልጠው አሳዩዋት፤ የተጻፈው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቢሮው የገባ ሰው ሁሉ ስም ሳይሆን ጉዳዩ ነበር፦ የጠመኔ ጥያቄ፣ የማኅተም ጥያቄ፣ የተጣሉ ሁለት ልጆች፣ መልቀቂያ የሚፈልግ ወላጅ፣ ስለ ውሃ ቧንቧ የመጣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የስልክ ሪፖርት፣ እንደገና የማኅተም ጥያቄ። 23 ጉዳይ ነበር። «ርዕሰ መምህርት፣ ከእነዚህ ውስጥ እርስዎ ባይኖሩ የሚቆመው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቋት። አብረው ሲለዩት የእሷን ውሳኔ የግድ የሚፈልገው ከአራት አልበለጠም። የቀረው የምክትሏ፣ የጸሐፊዋ፣ የዩኒት መሪዎቹና የስም ጠሪ መምህራን ሥራ ነበር። ለሚቀጥለው ሳምንት ጠመኔና የሰሌዳ መጥረጊያ ወደ ዩኒት መሪዎች ተዛወረ፤ ማኅተም የሚመታበት ሰዓት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ተወሰነ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ቢሮው ተዘግቶ ርዕሰ መምህርቷ ክፍል የምትገባበት ሆነ።

እዚህ ላይ አማካሪው ርዕሰ መምህርቷን ስለሚጠሩበት አጠራር አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለውጪ ሰው ትንሽ የሚመስለው ነገር በእኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትንሽ አይደለም። በዕድሜ አባቷ ይሆናሉ። «አንቺ» ቢሏት ማንም አይቀየማቸውም፤ እሷም «ጋሼ» ነው የምትላቸው። እሳቸው ግን በመምህራንም ፊት፣ ብቻቸውን ሲሆኑም፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እና «ርዕሰ መምህርት» ከማለት ዝቅ አላሉም። በጥር ወር አካባቢ ቀድሞ በስሟ ብቻ ይጠሯት ከነበሩት መምህራን ብዙዎቹ አጠራራቸውን ቀይረው ነበር። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

በአራተኛው ጉብኝት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ የክፍል ምልከታ ዕቅዱን ፊታቸው ዘርግተው ሳለ አማካሪው የጠየቁት ጥያቄ የዓመቱን አቅጣጫ ለወጠው። ስንት ክፍል እንደ ገባች አልጠየቁም። «የማይገቡበት ክፍል የትኛው ነው?» አሏት። ዝም አለች፤ ከዚያም የአንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ስም ጠራች። እኚህ መምህር በዚያው ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ሳለች ያስተማሯት ነበሩ። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሳያስተምሩ ልጆቹን በመልቀቅ የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ መምህራን እሳቸውን አይተው ተከተሉ፤ እሳቸውን መናገር ስላልቻለች ሌሎቹን መናገር አልቻለችም፤ ያን ለመሸፈንም ለእኔ ስብሰባ ነበረብን አለችኝ፤ ቅጾቹንም ለመምህራኑ አደለች። ለአማካሪዋ ያለችው ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እርሳስ አያያዝ ያረሙኝን ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነጥብ ልስጣቸው? ቤተሰቤ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

በእኔ ቼክሊስት ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን የለም። ብዙ የአመራር ሥልጠናዎቻችንም አንድ አለቃ ከሠራተኛው በዕድሜም በባለውለታነትም እንደሚበልጥ አድርገው የተሰናዱ ናቸው። አስተማሪን ማክበር እንደ ሃይማኖት በሚቆጠርበት አገር፣ ወጣት ርዕሰ መምህር ያስተማሩትን ሰው ሲመራ የሚገጥመው እፍረት የግል ድክመት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ሥራው ራሱ ይዞት የሚመጣ ፈተና ነው። ስለዚህም አማካሪው «ደፋር ሁኚ» አላሏትም። እሳቸውም በወጣትነታቸው የገዛ አጎታቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተሹመው አንድ ዓመት ሙሉ እንደሸሿቸው ነገሯት። ከዚያም የመጀመሪያው ምልከታ መምህሩን የሚመለከት ሳይሆን የሦስት ተማሪዎችን ደብተር የሚመለከት እንዲሆን፣ ቅጽ ሳትይዝ እንድትገባና አስቀድማ ራሷ በቢሮዋ ጠርታ እንድታስፈቅዳቸው ተስማሙ።

ይህ አልሠራም። አንጋፋው መምህር ቢሮ ተጠርተው ሲሰሙ ቆመው «ልጄ፣ እኔን ልትገመግሚ ነው?» ብለው ወጡ፤ በማግሥቱም በሕመም ምክንያት ቀሩ። ወሬው በአንድ ቀን ግቢውን ሞላው። ርዕሰ መምህርቷ ለአማካሪዋ ደውላ ቤታቸው ሄዳ እንደምትጠይቃቸው ነገረቻቸው፤ አማካሪው ግን አልደገፉትም። የሥራ ጉዳይ በሥራ ቦታ ማለቅ እንዳለበት፣ ቤት መሄድ ልመና እንደሚመስልና ሌሎቹም ነገ እንዲለመኑ እንደሚጠብቁ አስረዷት። እሷ አመስግና፣ ምክሩን ሳትቀበል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስኳርና ቡና ይዛ ሄደች።

ትክክሏ እሷ ነበረች። በዚያ ቤት ቡናው አቦል ሆኖ፣ ቶና ሆኖ፣ በረካው እስኪደርስ ድረስ ስለ ትምህርት ቤት አንድም ቃል አልተነሣም፤ ስለ እናቷ ጤና፣ በጦርነቱ ስለጠፉ ጎረቤቶች፣ ስለ ዝናቡ ሲወራ ቆየ። በበረካው ላይ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ሰውየው ራሳቸው ጀመሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ በዚያ መስኮቱ በቆርቆሮ በተደፈነ፣ አምፖል በሌለው ክፍል ውስጥ በሰሌዳው ላይ ራሳቸው የጻፉት አይታያቸውም፤ አዲሱ መጽሐፍ ደግሞ ፊደሉ ደቂቅ ነው፤ ልጆቹ ፊት ከመሳሳት ልጆቹን መሸኘት መርጠዋል። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ስለቀረው ይህን ለማንም አልተናገሩም። «አብሽሪ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሏት።

አማካሪው ይህን በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲሰሙ መሳሳታቸውን ወዲያው ተናገሩ። የሰጡት ምክር በሌላ ሰው ላይ ትክክል ይሆን ነበር፤ ያንን ሰውና ያንን ቤት የምታውቀው ግን እሷ ነበረች። በእኔ ግምት የሁለቱ ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነተኛ ሆነ፤ ምክራቸውን አለመቀበሏ ተነግሮ ቅያሜ አለማምጣቱን ስላየች ከዚያ በኋላ የምትሠራቸውን ስሕተቶች ሳይቀር ትነግራቸው ጀመር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሥራ ቀላል ነበር። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ተቀየረ፤ አንጋፋው መምህር ወደ ጠዋት ፈረቃ ተዛወሩ፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜም የስፖርትና የሥነ ጥበብ እንዲሆን በተቻለ መጠን ተደለደለ። የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረቱ ተጠርቶ በጨለማው ክፍል ውስጥ በአሥር ሰዓት ላይ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ይህ የርዕሰ መምህርቷ ሐሳብ ነው፤ ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ያልቻለው ጸሐፊ ስልኩን አብርቶ ሲያነብ ሰብሳቢው ሌላ ማስረጃ አልጠየቁም። ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ በተመደበ ገንዘብ ከቆርቆሮው እኩሌታው ተነሥቶ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ተተካ፤ በአራት ክፍሎችም የመብራት መስመር እንደገና ተዘረጋ። በየካቲት አንጋፋው መምህር ራሳቸው «ነይ ግቢና እዪኝ» ብለዋት የመጀመሪያው እውነተኛ የክፍል ምልከታ ተካሄደ። ቅጹንም የሞላችው ራሷ ነበረች።

ሁሉም ነገር በመብራት አልተፈታም። ቀድመው ከሚወጡት መምህራን ሁለቱ የሚወጡት በግል ለሚያስጠኗቸው ልጆች ሲሉ ነበር፤ የመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይና ጤፍ በማይሸፍንበት ጊዜ ይህን በተግሣጽ ብቻ ማስቆም እንደማይቻል ርዕሰ መምህርቷም አማካሪዋም ያውቁ ነበር። ከአንደኛው ጋር በሰዓት ተስማሙ። ሁለተኛው እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተስተካከለም፤ በመጨረሻም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ሥራው የራሱ ጉዳትም ነበረው። በየካቲት መጨረሻ አማካሪው በመምህራን ስብሰባ ላይ እንግዳ ሆነው ተቀምጠው ሳለ አንድ መምህር ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት አበል ቀጥታ እሳቸውን ጠየቀ፤ እሳቸውም የሠላሳ ዓመት ልማድ ሆኖባቸው መለሱ። መልሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሦስት መምህራን ጉዳያቸውን ይዘው ርዕሰ መምህርቷን አልፈው ለእሳቸው ደወሉ። በሚቀጥለው ጉብኝት እሷ ራሷ ነገሩን አነሣችው፤ ቃሏን ሳትሸፋፍን «ጋሼ፣ ያን ቀን ወንበሬን ወሰዱብኝ» አለቻቸው። እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አልገቡም፤ የደወለላቸውን መምህር ሁሉ «ርዕሰ መምህርትን ይጠይቁ» እያሉ መለሱ። የተፈረመው ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ለምን እንደ ተጻፈ ጻፊያቸው ራሳቸው እንደገና የተረዱት በዚህ አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው መስመር የተፈተነው በእኔ ነው። የግማሽ ዓመት ግምገማ በሚሞላበት ጊዜ፣ ስለ ርዕሰ መምህርቷ አመራር ያለኝ መረጃ ከወረቀት ያለፈ እንዳልሆነ ተሰማኝና አማካሪውን ደውዬ «በእርስዎ ዓይን እንዴት ናት? ለራሴ ብቻ ነው» አልኋቸው። በቅን ልብ ነበር የጠየቅሁት፤ እንዲያውም ውጤቷን ከፍ ለማድረግ አስቤ ነበር። «የፈረምህባት ወረቀት እጅህ ላይ አለች?» አሉኝ። አለች አልኋቸው። «እንግዲያው ሁለተኛውን አንብባት። በጎ ብነግርህ ነገ ዝም ስል ክፉ አለ ማለት ይሆናል» ብለው ስልኩን በሰላምታ ዘጉት። በዚያን ቀን ተቀይሜ ነበር። የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እውነትም በየካቲት ጥሩ ነገር ቢነግሩኝ ኖሮ በግንቦት ዝምታቸውን እተረጉመው ነበር፤ እሷም ይህን ብታውቅ የምትነግራቸውን መምረጥ ትጀምር ነበር። በሱፐርቫይዘርነት ዘመኔ ስደግፍም ስመዝንም የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ እንደማይቻል ያረጋገጥሁት ያኔ ነው።

ለአማካሪዋ ያልነገረቻቸው ነገሮችም ነበሩ። የሁለት ዓመት ልጅ አላት። ስብሰባዎች ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠሩ፣ ቅዳሜ ሥራ ሲኖር፣ ባሏና አማቷ የሚሏትን፣ ወንድ አስተዳዳሪዎች በስብሰባ ላይ ንግግሯን ሲያቋርጧት የሚሰማትን ለአባት ያህል ለሚሆኑ ወንድ መናገር አልሆነላትም። በዚህ በኩል የረዳቻት ኮምቦልቻ የምትሠራ አንዲት ሴት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት። ከእሷ ጋር ያገናኟት አማካሪው ራሳቸው ናቸው፤ «እኔ የማላውቀው ነገር አለ፤ እሷ ታውቀዋለች» ብለው ስልኳን ከመስጠት በቀር ሌላ አልጠየቁም። በከተሞቻችን ርዕሰ መምህርነት ላይ ያሉ ሴቶች እጅግ ጥቂት በመሆናቸው ለእያንዳንዷ ሴት አማካሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን አንድ አማካሪ ለሁሉ ነገር ይበቃል ተብሎ መታቀድ የለበትም።

ስለ ውጤቱ የምለው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። በግንቦት ወር ሳልነግር በሄድሁባቸው ሦስት ቀኖች በአሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሁሉም የከሰዓት ክፍሎች መምህር ነበር። የምልከታ ቅጾቹ ቁጥር ቀንሶ ነበር፤ በጥቅምት ዘጠኝ የነበረው በሚያዝያ ስድስት ሆኖ አገኘሁት፤ ስድስቱም ግን ሁለት ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፏን የያዙ ነበሩ። ቼክሊስቱ ይህን እንደ መውረድ ቆጥሮታል። በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ የመጣውን ለውጥ ከዚህ ሥራ ጋር አላያይዘውም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተማሪ ውጤት በአንዲት ርዕሰ መምህርት ምክር ተለወጠ ማለት ከባድ ነው። የተለወጠው ነገር ርዕሰ መምህርቷ በሳምንት ውስጥ ክፍል የምትገባበት ሰዓትና ለእኔ መደወል መጀመሯ ነው። በሚያዝያ ወር ስለ አንድ የፋይናንስ ደንብ ስትደውልልኝ ያ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነበር።

የወጣው ወጪ የአማካሪው የትራንስፖርት ገንዘብና ምሳ ነበር። ለዚህ የሚሆን የበጀት መደብ ስላልነበረ የጉድኝቱ አምስት ርዕሳነ መምህራን በየወሩ ከኪሳቸው እያዋጡ ሸፈኑት። ደጋግመው ሲጠየቁም አማካሪው የአበል ክፍያ አልተቀበሉም። እንዲህ ዓይነት ሥራ በሰው በጎነት ላይ ብቻ ቆሞ ወደ ሌሎች ጉድኝቶች ሊዘልቅ አይችልም፤ ሌላ ጡረተኛ ሌላ ዳገት ሲወጣ ቢያንስ የሚኒባስ ሒሳቡ ሊታሰብለት ይገባል።

በሰኔ መጨረሻ የዓመቱን የድጋፍና ክትትል ሪፖርት ስሞላ «ለርዕሰ መምህር የተሰጠ ድጋፍ፣ የተገኘ ክፍተት፣ የተወሰደ እርምጃ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ነበሩ። በመጀመሪያው ላይ «በአማካሪ ርዕሰ መምህር 14 ቀን» ብዬ ጻፍሁ። ያን ጊዜ ርዕሰ መምህርቷ ሁሉን ነግራኝ ነበር፤ ክፍተቱን ከማንም በተሻለ አውቀው ነበር። የቀሩትን ሁለት ዓምዶች ባዶ ተውኋቸው። ሪፖርቱ ያልተሟላ ነው ተብሎ ሲመለስልኝ የስምምነቱን ወረቀት ኮፒ አባሪ አድርጌ፣ ሁለተኛውን መስመር በብዕር አስምሬበት፣ መልሼ ላክሁት።